ምጣዱ፣ ባትሪውና ዝም ማለት የሚያውቅ ኮድ

ፍራንክፈርት አቅራቢያ ያለ አንድ ቤት፤ ቅዳሜ ረፋድ። የወዳጄ አማት ከወጥ ቤት ብቅ ይሉና ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው «ልጄ፣ ፀሐዩ በቃ? ልጋግር?» ይላሉ። እሱ ከታች ሆኖ ግድግዳው ላይ የሰቀላትን ትንሽ ስክሪን ቀና ብሎ ያያል። «ይጀምሩ እማማ፤ ዛሬ ሞልቶናል።»

መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካስ የልጅ ልጃቸውን ለማየት ከደሴ የመጡት እናት በሁለት ወር ውስጥ የቤቱን ሥርዓት ከማናችንም በላይ ለምደውታል። ምጣዱ ሲበራ ወደ 3 ኪሎዋት ይስባል። ፀሐይ ካለ ከጣሪያው የፀሐይ ሰሌዳ ይጋግራሉ፤ ደመና ከሆነ ከባትሪው፤ ባትሪው ካነሰ ደግሞ «ከሰዓት ቢሆን ይሻላል» ይባላሉ።

ስለ እጅ ሥራ ስጽፍ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ጥልፍ ሲያሳዩኝ ቀድሜ የማየው ጀርባውን ነው። ፊቱማ የሁሉም ያምራል። ክሩ የት እንደተቋጠረ፣ ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው ሲሻገር ተንዘላዝሎ እንደሆነ የሚናገረው ጀርባው ነው። የወዳጄንም ሥራ ጀርባውን አሳየኝ አልኩት። ሌሊት ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭን የሚያድር ሰው ነው እንጂ ፕሮግራመር አይደለም፤ ያሳየኝ ጀርባ ግን ብዙ ፕሮግራመር ቢያየው የሚቀና ይመስለኛል።

ምድር ቤቱ ውስጥ የቆመው ሳጥን ከወገቤ ትንሽ ከፍ ይላል። በውስጡ 16 የሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴሎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ 3.2 ቮልት፣ 280 አምፔር ሰዓት ነው። ሲደመሩ 51.2 ቮልት፣ ከ14 ኪሎዋት ሰዓት በላይ። ምጣዱን ብቻ ቢሰጡት ከአራት ሰዓት በላይ ያስጋግራል። ከኤሌክትሪክ መስመሩ ጋር ያገናኘው ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ነው፤ የወዳጄ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ጀርመን ውስጥ ከአዲስ ጣሪያ የተረፈን ኤሌክትሪክ ለመስመር የሚሸጥ ሰው በኪሎዋት ሰዓት 8 የዩሮ ሳንቲም ገደማ ያገኛል፣ ማታ መልሶ ሲገዛ ግን ብዙ ጊዜ ከ30 ሳንቲም በላይ ይከፍላል። ስለዚህ የቀኑን ፀሐይ ለማታ ማቆየት ያዋጣል። ማቆየቱን ማንም ገዝቶ የሚተክለው ባትሪ ያደርገዋል። መቼ ይሙላ፣ መቼ ይስጥ፣ መቼ አርፎ ይቀመጥ የሚለው ላይ ነው ባለሙያው የሚለየው።

የሚጠቀምባቸው ሶፍትዌሮች ነጻና ክፍት ምንጭ ናቸው። ዋናው ሆም አሲስታንት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ፓውሉስ ስኻውትሰን የሚባል ኔዘርላንዳዊ የቤቱን አምፖሎች በፓይተን ቋንቋ ለማዘዝ የጀመረው ነገር ነበር፤ ከ2024 ጀምሮ ኦፕን ሆም ፋውንዴሽን በሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ስር ይገኛል። የወዳጄ ሆም አሲስታንት የሚሠራው መዳፍ በምታክል ራስፕቤሪ ፓይ የምትባል ኮምፒውተር ላይ ነው። ፓይዋ ከባትሪው ጎን በእንጨት ሰሌዳ ላይ በአራት ብሎን ታስራለች። ገመዶቿ እኩል ርቀት ላይ ተጠፍረዋል፤ በእያንዳንዳቸው ጫፍ ላይ በአማርኛ የተጻፈች ወረቀት ተለጥፋለች፤ «ቆጣሪ»፣ «ኢንቨርተር»፣ «አትንቀል»።

ከቆጣሪው እንጀምር፤ ደስ ያለኝ እሱ ነውና። አዲሶቹ የጀርመን ዲጂታል ቆጣሪዎች ፊታቸው ላይ የኢንፍራሬድ ብርሃን የሚልክ ትንሽ ዓይን አላቸው። እዚያ ላይ በማግኔት የምትጣበቅ ክብ አንባቢ ታስቀምጣለህ፤ ከባለ 2 ዩሮ ሳንቲም ትንሽ ትሰፋለች። ምንም ብሎን አይፈታም፣ ማኅተም አይነካም። ነገር ግን ቆጣሪው ሲመጣ የሚናገረው በጥቅሉ ብቻ ነው፤ ቤቱ በዚህች ቅጽበት ስንት ዋት እየሳበ እንደሆነ እንዲናገር ባለ አራት አሃዝ የምሥጢር ቁጥር ያስፈልጋል። ቁጥሩ ሲጠየቅ በደብዳቤ ይመጣል። ቆጣሪው ግን የቁጥር ቁልፍ የለውም! ቁጥሩ የሚገባው በባትሪ መብራት ነው። 3 ከሆነ ሦስት ጊዜ ብልጭ፣ ትንሽ ጥበቃ፣ 7 ከሆነ ሰባት ጊዜ ብልጭ። ወዳጄ ጨለማ ውስጥ ቆጣሪው ፊት ቆሞ ሲያበራና ሲያጠፋ ሚስቱ ፎቶ አንስታዋለች፤ ሌባ እንጂ ባለቤት አይመስልም። ከዚያች ማታ ጀምሮ ቆጣሪው በየጥቂት ሰከንዱ የቤቱን ዋት ይናገራል።

የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለቤቱ የሚቀይረው ኢንቨርተር ደግሞ የሚናገረው ሞድባስ የሚባል ቋንቋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ለፋብሪካ መቆጣጠሪያዎች የተሠራ። ሞድባስ ቃል አያውቅም፤ ተራ ቁጥር ያላቸው ሣጥኖች ብቻ ናቸው፣ በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ከ0 እስከ 65,535 የሚደርስ ቁጥር። ወዳጄ ባትሪው ስንት እየሰጠ ወይም እየተቀበለ እንደሆነ የሚያሳየውን ሣጥን መጀመሪያ ሲያነብ፣ ባትሪው 65 ኪሎዋት እየሰጠ ነው የሚል መጣለት። ኢንቨርተሩ ከ5 ኪሎዋት በላይ አይችልም። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ሲሆን፣ የድሮ መኪና ኪሎሜትር ቆጣሪ ወደ ኋላ ሲዞር ከዜሮ ወደ ዘጠኞቹ እንደሚዘለው፣ ሣጥኑም ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይቆጥራል። 200 ዋት እየሞላ ከሆነ ከዜሮ 200 ሲቀነስ ማለት ነው፣ ሣጥኑ ግን 65,336 ይላል። ይህን ለማረም አንዲት ቃል ትበቃለች፤ ማንም የኢንተርኔት መድረክ ላይ የሚያገኛት ናት። ወዳጄ ግን ከዚያች መስመር በታች ሌላ መስመር ጨመረ፤ ከ6,000 ዋት በላይ የሚል ንባብ ከመጣ ውሸት ነው፣ ጣለው፣ ያለፈውን ንባብ ያዝ። «ለምን? ተስተካክሎ የለ?» አልኩት። «አንድ ጊዜ የዋሸኝ ነው» አለ።

ወደ ዋናው ነገር የሚያስገባኝ ቀጥሎ ያሳየኝ ነው። የመጀመሪያው ኮዱ፣ አሁንም «አሮጌ» ብሎ ያስቀመጠው፣ በየአምስት ሰከንዱ ለኢንቨርተሩ አዲስ ትእዛዝ ይጽፍ ነበር። ይህን ያህል ስጥ፤ አሁን ይህን ያህል፤ አሁን ደግሞ ይህን። ያምር ነበር፣ ምጣዱ ካልበራ የቆጣሪው ቁጥር ዜሮ ላይ ተጣብቆ ይውላል። ሣጥኖቹ ግን ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ የተጻፈባቸውን የሚይዙት ኮረንቲ እስካለ ብቻ ነው። ሌሎቹ ኢንቨርተሩ ጠፍቶ ሲነሳም እንዲያስታውሱ ቋሚ ማኅደር ላይ ይጽፉታል፤ ቋሚ ማኅደር ደግሞ እየተጻፈበት ያልቃል። 100,000 ጊዜ የሚችል ማኅደር ብትይዝ፣ በየአምስት ሰከንዱ ስትጽፍበት በቀን 17,280 ጊዜ ነው፤ በስድስተኛው ቀን መጨረሻው ነው። ኢንቨርተሩ አልተቃጠለም፣ ሳይቃጠል ነው የነቃው። ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ይላል።

አሁን በየጊዜው የሚለዋወጠው ትእዛዝ የሚሄደው ወደማይዘልቀው ሣጥን ነው። ወደ ቋሚው የሚጻፉት እንደ ባትሪው የመጨረሻ ዝቅታ ያሉ ነገሮች ብቻ ሲሆኑ፣ እነሱም አዲሱ ቁጥር ከድሮው የተለየ ከሆነ ብቻ ነው። መጀመሪያ ያነባል፣ ያነጻጽራል፣ አንድ ከሆነ ዝም። ስክሪኑ ላይ በግራ በኩል ታች አንዲት ቁጥር አለች፤ ከባትሪው መቶኛ አንሳ በትንሽ ፊደል የተጻፈች። «ዛሬ ወደ ቋሚ የተጻፈ፦ 2»። እንግዳ አያያትም። እኔ ከዚያ ሁሉ ስዕላዊ መግለጫ፣ ከሚፈስሱት ቀለማት ሁሉ፣ ዓይኔ ያረፈው እሷ ላይ ነው። ሌላው ሰው የሚኮራው ስንት እንዳደረገ በመቁጠር ነው፤ ይህ ሰው ደግሞ ቁጥሩ በማነሱ ይኮራል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የመጣው ከጥፋት ነው። ጥር ላይ፣ ፀሐይ ለሳምንታት ሳትታይ፣ ባትሪውን አንዴ እስከ ጢም እንዲሞላው ከመስመር አዘዘ (ለምን እንደሚያስፈልግ እመለስበታለሁ)። ሞልቶ ሲያበቃ ወደ ልማዱ እንዲመለስ የምታዘው ፓይዋ ነበረች። ፓይዋ ሌሊት ላይ ደርቃ ቀረች። ኢንቨርተሩ የመጨረሻውን ቃል እንደ ያዘ፣ «ሙላ» እንደተባለ ቀረ። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ባትሪው ጢም ብሎ ተቀምጦ ቤቱ ግን ከመስመር ሲገዛ ዋለ፤ እሱ ዘግይቶ ነው ያየው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ትእዛዝ ዕድሜ አለው፣ 60 ሰከንድ። ሳይታደስ 60 ሰከንድ ካለፈው ትእዛዙ በራሱ ይሞታል፣ ኢንቨርተሩም ፋብሪካው ወደ ሰጠው ልማድ ይመለሳል። በኮዱ ጎን በአማርኛ የጻፈው ማስታወሻ፦ «ይህን አትንካ። ጥር ላይ ያስለቀሰኝ ነው።»

በዚህ ላይ ሌላ ውበት አለ፤ የእሱ ፈጠራ ባይሆንም አመራረጡ የእሱ ነው። ቆጣሪው ላይ ያለችው አንባቢ ወሬዋን ወደ ፓይዋ የምትልከው ኤምኪውቲቲ በሚባል የመልእክት ሥርዓት ነው። አንዲ ስታንፎርድ-ክላርክና አርለን ኒፐር እ.ኤ.አ. በ1999 የሠሩት የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመከታተል ነበር፤ ግንኙነቱ ውድና የሚቆራረጥ ነበርና። ስለዚህ ማንም መሣሪያ መጀመሪያ ሲገናኝ ኑዛዜ እንዲተው ፈቀዱለት፤ «ድንገት ከጠፋሁ ይህን ንገሩልኝ»። መሣሪያው ሳይሰናበት ሲጠፋ መልእክቱን የሚያደርሰው አስተላላፊ ኑዛዜውን ያነብለታል። የወዳጄ አንባቢ የተወችው ኑዛዜ አንዲት ቃል ናት፤ «የለሁም»። ቃሏ በተነበበ ቅጽበት ፓይዋ ባትሪውን ማዘዝ ታቆማለች። ዓይን ሳይኖረኝ እጄን አላዘዋውርም እንደማለት ነው። አንባቢዋን ከቆጣሪው ላይ ነቅዬ ገመዷን እንድነቅል ፈቀደልኝ። ጥቂት ቆይቶ ስክሪኑ ላይ «የለሁም» አለ፣ የባትሪው ፍሰት ለስለስ ብሎ ወደ ዜሮ ወረደ። ወደ ቦታዋ ስመልሳት ማግኔቱ ጥብቅ አድርጎ ያዛት።

ወደ ምጣዱ ልመለስ። ምጣዱ በሙቀት መቆጣጠሪያ የሚሠራ ነው፤ ሲግል ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይበራል፣ ቀጭ፣ ቀጭ። በእያንዳንዱ ቀጭ 3 ኪሎዋት ይመጣል ወይም ይሄዳል። ቆጣሪው ይህን የሚናገረው አንድ ሁለት ሰከንድ ዘግይቶ ነው፤ ኢንቨርተሩም ትእዛዙን ለመፈጸም ሌላ ሰከንድ ይወስዳል። ስለዚህ ምጣዱ ሲጠፋ ባትሪው ለሦስት ሰከንድ ያህል 3 ኪሎዋቱን ወደ ጎዳና ሲያፈስ ይቆያል። ጀማሪ እዚህ ላይ ይቸኩላል። በየንባቡ ሙሉውን ልዩነት ላርም ይላል፤ ንባቡ ግን ያለፈ ነገር ነው፣ ያረመው ደርሶ ሳይታይ ደግሞ ያርማል፣ ሲያልፍበት ይመልሳል፣ ሲመልስ ያልፍበታል። ባትሪው እንደ ሰካራም ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ወዳጄ የዚያን ዘመን ግራፍ አስቀምጦታል፤ መጋዝ ይመስላል።

አሁን የሚያደርገው ይህ ነው፦ ከልዩነቱ በአንድ ጊዜ ግማሹን ብቻ ያርማል። ልዩነቱ ከ40 ዋት በታች ከሆነ ጭራሽ አይነካውም። የሚፈልገውም ዜሮን ሳይሆን 30 ዋት ከመስመር መግዛትን ነው፣ በጥቂቱ እንዲዋዥቅ ቦታ ለመስጠት። የቀረውን ቀጭታ ግን ተወው። ምክንያቱን ደብተሩ ላይ አስልቶታል። ሦስት ሰከንድ በ3 ኪሎዋት 2.5 ዋት ሰዓት ነው። በአንድ ቀን ጋገራ ምጣዱ 60 ጊዜ ቢጠፋ 150 ዋት ሰዓት፤ ጉዳቱ ከ5 ሳንቲም አይበልጥም። «ለ5 ሳንቲም ብዬ ኢንቨርተሩን ሳንገላታው አልውልም» አለኝ። በመስኖ አገር ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጥሩ የውሃ አባት ወንዙ ጣት ያህል ከፍ ባለ ቁጥር ቦዩን ሊዘጋ አይሮጥም። መጥፎው ነው ቀኑን ሙሉ አካፋ ይዞ የሚታየው።

የመቶኛው ነገር ደግሞ አለ። ይህ ዓይነቱ ሴል ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ድረስ ቮልቱ ከ3.3 ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ባትሪው ስንት እንደያዘ በቮልቱ አይታወቅም፤ የሚታወቀው የገባውንና የወጣውን በመቁጠር ነው፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ ገቢና ወጪ ሰው እንደመቁጠር። በእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ሁለት ሰው ያመልጣል። በጋ ላይ ባትሪው በየቀኑ ስለሚሞላ ሲሞላ ቆጠራው «100» ብሎ እንደገና ይጀምራል። ፍራንክፈርት ታኅሣሥ ላይ ግን ለሳምንታት ላይሞላ ይችላል፤ ስክሪኑ 35 ሲል ባትሪው በእርግጥ 15 ላይ ሊሆን ይችላል፣ ሴሎቹም እርስ በርስ መመጣጠናቸውን ያጣሉ። ለዚህ ነው ጥር ላይ ከመስመር የሞላው። ኮዱ ባትሪው ከሞላ ስንት ቀን እንደሆነው ይቆጥራል። 12 ቀን ሲያልፍ ወዲያው አይሞላም፤ የሦስት ቀን የአየር ትንበያ ያያል፣ ፀሐይ የሚመጣ ከሆነ ይጠብቃል፣ ካልመጣ ርካሹን ሌሊት ይመርጣል። ከዚያ ሴሎቹን 3.45 ቮልት ላይ አድርሶ እስኪተካከሉ ድረስ ያቆያቸዋል። የበላይ ድንበራቸው 3.65 ነው፤ እዚያ ድረስ የሚገፋቸው ምክንያት አላየም።

«ርካሽ ሌሊት» ያልኩት የጀርመን ሻጮች ሁሉ ከ2025 ጀምሮ ዋጋው ከገበያው ጋር የሚለዋወጥ ውል እንዲያቀርቡ ስለተገደዱና እሱም ስለገባበት ነው። የነገው ዋጋ ዛሬ ከሰዓት ይታወቃል፤ ከጥቅምት 2025 ወዲህ በየሩብ ሰዓቱ፣ በቀን 96 ዋጋ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰክራል፤ በርካሽ ልግዛ በውድ ልጠቀም እያለ ባትሪውን ሲያመላልስ ያድራል። ወዳጄ ግን ሒሳቡን በእርሳስ ሠርቶታል። በ22 ሳንቲም የገዛው ገብቶ ሲወጣ ከመቶ 15 ያህሉ በሙቀት ስለሚጠፋ 26 ሆኖ ይመጣል፤ የባትሪው እርጅና 2 ወይም 3 ሳንቲም ይጨምርበታል። የማታው ዋጋ 30 ቢሆን ያ ሁሉ ልፋት ለአንድ ወይም ለሁለት ሳንቲም ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ከ8 ሳንቲም ካልበለጠ አትንካ ብሎ ጽፏል። በኮዱ ውስጥ «አትንካ» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንዳለ ፈልጌ ቆጠርኩት፤ ዘጠኝ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አልወደድኩለትም። ስክሪኑ ላይ የባትሪው ሥዕል ሲሞላ አረንጓዴ፣ ሲያንስ ቀይ ነው። የሥራውን ጠባይ አይመስልም፤ ይጮኻል። ነገርኩት፤ ሚስቱ ናት የመረጠችው አለኝ። ዝም አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ሻይ ተጠጣ። እማማ 40 እንጀራ ጋግረው የመጨረሻውን አክንባሎ ሲያነሱ ምጣዱ እንደገና ቀጭ ሲል ከላይ ተሰማን። እኔና ወዳጄ ስክሪኑ ፊት ቆመናል። ጣሪያው እየሰጠ ነው፣ ባትሪው 91። የቆጣሪው ቁጥር ወደ ታች ሸርተት አለ፣ ትንሽ ቆይቶ ወደ 30 ተመለሰ። ታች በግራ በኩል ያለችው ቁጥር ግን ከጠዋት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰችም።

«ልጄ፣ ላጥፋው?» አሉ እማማ ከላይ።

«ይተዉት እማማ፤ ፀሐዩ አልሄደም፤ ከፈለጉ ዳቦውንም ይጨምሩበት።»